ነጠላና ካቴና

በዚህ ዓምድ ስለ ወጥ ቤት፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ልብስ ስፌት ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ሲሰሙት የወንዶች ብቻ የሚመስል ነው፤ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትል እኅት ብትኖር አንድ ማለዳ ወደ ደጇ ብቅ ብላ መንገዱን እንድትመለከት እንጋብዛታለን። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሺንሺቾም ሆነ በቦኖሻ፣ ወደ ሥራ የምትጣደፈው ሠራተኛ፣ ቅቤዋን ታቅፋ ገበያ የምትወርደው እናት፣ ሕፃኗን ለማስከተብ የምትሄደው አራስ፣ ሁሉም ከሞተር ጀርባ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ነጂው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ከኋላው የምትቀመጠው፣ ብዙ ጊዜም ለሞተሩ መግዣ ገንዘቡን ያጠራቀመችው ግን ሴት ናት።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው የያሆዴ በዓል የደረሰብኝ ነገር ነው። ያሆዴ የሐዲያ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ሲሆን በመስከረም፣ ከመስቀል ጋር ተያይዞ የሚውል፣ ከሩቅም ከቅርብም ያለው ዘመድ ወደ ትውልድ ቤቱ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። እኔም አታካናው አይለፈኝ ብዬ ታላቅ እኅቴ ወዳለችበት ወደ ቦኖሻ ወረድኩ። ቦኖሻ የሻሾጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሆሳዕና ደጋ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ትገኛለች። እኅቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከጎረቤቶቿ ጋር በዊጆ ቅቤ በየተራ እየሰበሰበች፣ የደረሳትን እየሸጠች፣ ሽያጩን ዕቁብ እየጣለች፣ ለበኩር ልጇ ቦክሰር ሞተር ገዝታለታለች። እንግዲህ ያ ሞተር የቤቱ ላም ነው ማለት ይቻላል።

ልጁ ከመኪና መናኸሪያው ሊቀበለኝ መጣ። የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ደርቤ፣ እንደ ልማዳችን በጎን ተቀመጥኩና ጉዞ ጀመርን። ገና መታጠፊያው ላይ ሳንደርስ አንዳች ነገር አንገቴን ወደ ኋላ ሳበኝ። የነጠላው ጫፍ ከኋላ ጎማው ገብቶ ኖሯል። ጮኼም እንደሆን አላስታውስም፤ ልጁ ግን የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ሰምቶ ፍሬን ያዘ፤ በጎኔ ወድቄ ተረፍኩ። ነጠላው በጥርሳሙ ብረትና በካቴናው መካከል ተጠምጥሞ ስለ ነበር በቢላዋ ተቆርጦ ወጣ። በአንገቴ ዙሪያ የቀረው ቀይ መሥመር እስከ በዓሉ ማግሥት አልጠፋም።

ቤት ስንደርስ እኅቴ የሆነውን ሰምታ፣ «እኔማ ሁለት ነጠላ በልቶብኛል» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አስቡት፤ እንዲህ ያለ ሞተር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስድስት ጊዜ ያህል ይዞራል። «ቁም!» ብለን ሳንጨርስ ስድስት ዙር ተጠቅልሏል ማለት ነው። ነጠላው አንድ ዙር ትከሻ ላይ የተጣለ ከሆነ ተጎትቶ ይወጣል፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ሻሽ ወይም ፎጣ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን የታዘለበት መቀነት ከሆነ ግን የሚከተለውን ለመናገር ይከብዳል።

ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ከዚህ በፊት ያላስተዋልኩትን አንድ ነገር ተረዳሁ። በቦክሰርና በመሰሎቹ ላይ ማርሚታው በስተቀኝ፣ ካቴናው በስተግራ ነው። ሴቲቱ እግሯ እንዳይቃጠል ማርሚታውን ሸሽታ በግራ በኩል ትዞራለች፤ በግራ በኩል ስትዞር ደግሞ ቀሚሷን በቀጥታ ለካቴናው ትሰጣለች። ከእሳት ሸሽታ ጥርስ ውስጥ ትገባለች።

ታዲያ ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ የሚነዱት ቦክሰርና ቲቪኤስ የህንድ አገር ሥራ ናቸው። በዚያ አገር ሴቶች ሳሪ የሚባለውን ረጅም ልብስ ስለሚለብሱ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሞተር ተሽከርካሪዎች ደንብ ማንኛውም ሰው የሚያሳፍር ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማውን ቢያንስ እስከ ግማሽ የሚሸፍን የልብስ መከላከያ እንዲኖረው ያስገድዳል። የተሳፋሪ የእጅ መያዣና የእግር መርገጫም እንዲሁ። እንግዲህ የእነሱ ሳሪ የታሰበለትን ያህል የእኛ ነጠላ ለምን አይታሰብለትም?

ስለ ሞተርና ስለ ሴት ልብስ ከተነሣ ደግሞ የጃፓኑን የሆንዳን ታሪክ ሳላነሣ አላልፍም። ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 እ.ኤ.አ. ከጦርነቱ ማግሥት፣ ለጦር ሠራዊት የሬድዮ መገናኛ ኃይል ማመንጫ የነበሩ ትናንሽ ሞተሮችን እየሰበሰበ በብስክሌት ላይ መግጠም ጀመረ። ለመጀመሪያው የነዳጅ መያዣ ያደረገውም አልጋ ማሞቂያ የሚሆን የሙቅ ውሃ ዕቃ ነበር ይባላል። ለሙከራ እንድትነዳው የሰጠው ለሚስቱ ለሳቺ ነበር። እሷም ደህና ልብሷን ለብሳ ስትነዳ ውላ ስትመለስ ልብሷ በዘይት ተበላሽቶ ስለ ነበር፣ እንዲህ ሆኖ አይሸጥም ብላ መለሰችለት፤ እሱም ሞተሩ ነዳጅ እንዳይረጭ አስተካከለው። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው ሱፐር ከብ የተባለው ሞተር በቀሚስ በቀላሉ የሚወጣበት፣ እግር መሸፈኛ ያለው፣ ካቴናውም የተሸፈነ ሆኖ ተሠራ። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የአንዲት ሴት ቅሬታ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ ይህን ቁጥር ይመልከት። በግብርና ሥራ ላይ የሚታየው ያማሃ ኤጂ 100 የተባለው ሞተርም ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፤ የኛ ልጆች ግን ካቴና መሸፈኛው ትንሽ ሲንኳኳባቸው ፈትተው ይጥሉታል።

ወደ ቦኖሻ ልመለስ። በማግሥቱ ልጁን ጠርቼ፣ «ይህ ነገር ሳይበጅ ከዚህ ግቢ በዚህ ሞተር አልወጣም» አልኩት። እሱም፣ «አክስቴ፣ መከላከያው ሆሳዕና እንጂ እዚህ አይገኝም፤ ቢገኝም ውድ ነው» አለኝ። እናቱ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ምን ውድ አለው! እኔ እንሰት የምፍቅበትን የገዛሁት ከየትኛው ሱቅ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። የሐዲያና የከምባታ ሴት የእንሰቱን ቅጠል አንገት የምታስደግፍበትን ሳንቃ፣ የምትፍቅበትን ስንጥቅ ቀርከሃ፣ ሥሩን የምትከሰክስበትን ጥርሳም ዕንጨት ሁሉ ከግቢዋ ነው የምታገኘው። መሣሪያ መሥራት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሥራውን የጀመርነው እንደ ልብስ ስፌት ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀደን፣ ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቁመን፣ ከመቀመጫው ሥር እስከ ጎማው እምብርት ያለውን ቦታ በከሰል እየነደፍን ልኩን ወሰድን። ወረቀቱ ልክ ሲሆን ብቻ ወደ ብረቱ ሄድን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሠፈር ውስጥ ያየሁት ብዙ የብየዳ ሥራ በዓይን ግምት ተሠርቶ፣ ኋላ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ልክ የሚደረግ ስለ ሆነ ነው። ቀሚስ እንኳ እንዲህ አይሰፋም።

ለክፈፉ ከቤት ግንባታ የተረፈ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በቃ። መካከሉን በዶሮ ቤት ሽቦ መሸፈን ይቻላል፤ እኛ ግን የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን ጎን ቆርጠን፣ ዙሪያውን በጋለ ምስማር በስተን፣ በቀጭን ሽቦ ከክፈፉ ጋር ሰፋነው። ጀሪካኑ ከሽቦው የሚሻለው የቀሚስ ጥልፍ የማይዝ በመሆኑ ነው። የሚታሰረው የት ላይ ነው? አንዱ ጫፍ የተሳፋሪ እግር መርገጫ ከተያዘበት ቡሎን፣ ሌላው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሥር፣ ሁለቱም ከሮንዴላ ጋር ሆነው በዳዶ ይጠብቃሉ። ጎማውን ከያዘው ክንድ ላይ ፈጽሞ መታሰር የለበትም፤ ያ ክንድ መንገዱ ሲጎረብጥ ከጎማው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ መከላከያውን ይሰብረዋል። መከላከያው ከሞላው በስተውጪ መዋልና በየትኛውም ቦታ ከሚንቀሳቀስ ነገር ቢያንስ ሁለት ጣት መራቅ አለበት። ሲያልቅ ጎማውን በእጅ አዙረን፣ ከዚያም ልጁ፣ ወንድሙና እኔ ተቀምጠንበት እየዘለልን ፈተሽነው። ጎረቤቶች ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ባልናገር ይሻላል።

ካቴና መሸፈኛው ደግሞ በልጁ አልጋ ሥር ተጥሎ ተገኘ። የሚንኳኳው ቡሎኑ ስለ ጠፋ ብቻ ነበር። ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ቆርጠን እንደ ሮንዴላ ከሥሩ ብናስገባለት ዝም አለ። በዚያው ካቴናውን ብናየው እንደ መቀነት ረግቧል። ከመሐሉ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ የላላ ካቴና ራሱ ወልቆ ጎማውን ሊያስረው ይችላል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጭቃውን አራግፎ ዘይት መቀባቱ የእኅቴ ትንሽ ልጅ ሥራ ሆኖ ቀረ። ሞተሩ ጠፍቶ መሆኑን ግን አደራ፤ ሞተር እየሠራ ካቴና የሚጠርጉ ልጆች ጣታቸውን ያጣሉ።

ይህችው ልጅ በቀኝ ባቷ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ጠባሳ አላት። የማርሚታ ነው። በየቤቱ ብትጠይቁ እንዲህ ያለ ጠባሳ የሌለበት ልጅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም በቀኝ እግር፣ ሁሉም በባት ላይ። ማርሚታ ከፈላ ውሃ የበለጠ ይግላል፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላም ለብዙ ደቂቃ አይበርድም። ልጆች የሚነኩትም ያን ጊዜ ነው፤ ቆሟል ብለው። ለዚህ መድኃኒቱ የዘይት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ከማርሚታው ርዝመት ጋር አስተካክሎ መቁረጥ፣ ጠርዙን ሁሉ እንደ ልብስ ቅምቅማት አጥፎ በመዶሻ መተኛት፣ ከዚያ በሁለት የብረት ቀለበት ማሰር ነው። ዋናው ምስጢር ግን በቆርቆሮውና በማርሚታው መካከል አየር የሚያልፍበት የጣት ስፋት ክፍተት መተው ነው፤ ለዚህም ክፍተቱ እስኪገኝ ድረስ በየማሰሪያው ሥር ሮንዴላ ደርቦ ማስገባት ይበቃል። ማርሚታው ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላልና ከምንም አይሻልም። ጨርቅ ወይም ላስቲክ መጠቅለል ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው።

ልጁ ከተቃጠለ በኋላስ? ያቺ ልጅ የተቃጠለች ቀን መጀመሪያ የጥርስ ሳሙና፣ ቀጥሎ ቅቤ ተቀባላት። ቅቤ ነጋዴ ቤት ቅቤ አይጠፋም! ቁስሉ አመርቅዞ ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት አስቀራት። እናቶች ሆይ፣ ቅቤውንም፣ ሳሙናውንም፣ ቡናውንም ተዉት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ በረዶ አይደረግበት፤ ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ጠይቁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝን ግን በወጥ ቤቱ በር ጀርባ አገኘሁት። ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ቆሟል። ከአጠገቡ ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ የመጠጥ ውሃ ቆሟል። ምድጃው ላይ የቆጮ ምጣድ ተጥዷል። ነዳጅ ሲገኝ ገዝቶ ማስቀመጥ ከችግር የመጣ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማደያ በየከተማው የለም፣ ሲኖርም ወረፋው ረጅም ነው። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ዓይን ሳያየው በወለሉ ላይ እየሳበ እሳት ያለበት ድረስ ይሄዳል። የተጠማ ሕፃንም ጠርሙስ እንጂ ምን እንዳለበት አይለይም። በዚያው ቀን ወደ ብረት ጀሪካን ተገልብጦ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከቤቱ ርቆ በተቆለፈ መጋዘን ተቀመጠ። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ወተትም አታጠጡት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባልና ያ ነው የሚገድለው። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ሩጡ።

ልጁ ደግሞ ቤንዚን ሲቀዳ በቱቦ በአፉ ይስብ ነበር። «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው» አለኝ። ከሳልባትዮው ሥር መዝጊያ አለ፤ ከእሱ የሚወርደውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ፣ ጀሪካኑን ከሥር አስቀምጦ መዝጊያውን ቢከፍተው ያለ አፍ ይቀዳለታል። ሞተሩ መብረድ አለበት፤ ሲጋራም ሻማም አጠገቡ እንዳይደርስ። ይህን ባሳየው ጊዜ ትንሽ አፈረ። የሃይላንዱን ጠርሙስ አንገት ቆርጠን ቁልቁል ገልብጠን ማንቆርቆሪያ አደረግንለት፤ ለዚያ ይሆናል።

በሁሉም ነገር አልተስማማንም። ልጁ የኋላ ዕቃ መጫኛውን በግማሽ ሜትር አስረዝሞ ብዙ ማዳበሪያ በርበሬ ለመጫን አስቦ ነበር። እኔ ግን ተቃወምኩ፤ እናቱ ከእሱ ጋር ወገነች፤ ገቢው ነውና አልፈርድባትም። ከኋላ ጎማው እምብርት ወዲያ የሚጫን ክብደት ሁሉ የፊቱን ጎማ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ የፊት ጎማ ሲቀል መሪው አይታዘዝም። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ ሁለት ጆንያ ከጫፍ አስቀምጠን መሪውን እንድትይዘው አደረግኋት። በአንድ ጣቷ ፊቱን ስታነሣው ነገሩ ገባት። በመጨረሻ የተስማማነው መጫኛው ሳይረዝም በጎንና በጎን ዝቅ ያሉ ሁለት የሽቦ ቅርጫቶች እንዲሠሩለት ነው፤ ክብደቱ ዝቅ ይላል፣ ወደ መሐልም ይመጣል። ማሰሪያው ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጠፍር ነው። ጫፉ ግን ተንጠልጥሎ አይቅር፤ እሱም እንደ ነጠላ ነው፣ ይጠመጠማል።

ብየዳ ሲሠራ ሳልባትዮው ወርዶ ራቅ ይበል፤ የባትሪው ገመድም ይነቀል። ማርሚታውን በስተው ድምፁን የሚያጎሉትንና መስተዋቱን ነቅለው የሚጥሉትን ጎረምሶች በተመለከተ ግን ምን እንደምል አላውቅም። እንዲህ ያለውን ማስዋብ የሚሉት እነሱ ናቸው።

አቀማመጣችንም ሊታሰብበት ይገባል። በጎን መቀመጥ ለሞተሩ ሚዛን ያስቸግራል፤ ለመውደቅም ይቀላል። ከቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሶ እግርን ከፍቶ መቀመጥ ይሻላል። ነውር ነው የሚሉ አሉ። የጥንት ወይዛዝርት በቅሎ ሲቀመጡ ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ማንም አልነቀፋቸውም። ነጠላውን አጣጥፎ በቦርሳ መያዝ፣ ሕፃንን በጀርባ ሳይሆን በነጂውና በእናቲቱ መካከል አጥብቆ መያዝ ይገባል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕፃን በሞተር አለማሳፈር ነው። የራስ ቁርንም ነጂው ብቻ ያደርገዋል፤ ከኋላ ያለችው ጭንቅላት የላትም ይመስል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ የራስ ቁር የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ በቤት የማይሠራ፣ መገዛት ያለበት ብቸኛው ዕቃ ነው። እኅቴ የሚቀጥለው ዕቁብ ሲደርሳት አንድ ልትጨምር ቃል ገብታለች፤ የጎረቤቶቿንም ዊጆ ልትጠይቅ ነው።

ቀሪው ሁሉ፣ ብየዳውና ቡሎኑ ተደምሮ፣ ከተበላው ነጠላዬ ዋጋ ያነሰ ነበር። የሲሚንቶ ወረቀቱን ንድፍ እኅቴ በግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እስከ ተመለስኩበት ቀን ድረስ ሦስት ሴቶች ተውሰውታል፤ አንዷ ዘይት አስነክታ መለሰችው። ንድፉ ለቦክሰር የተቆረጠ ስለ ሆነ ለቲቪኤስ ልኩ አልገጠመም፤ ከታች በኩል መጨመር ያስፈልገዋል። ምን ያህል እንደሆነ ለክታችሁ የሠራችሁ እኅቶች ካላችሁ ለዚህ ዓምድ ጻፉልን፤ ልኩን እናወጣዋለን።